የጌም ቤቱ ጠመንጃ ዐዋቂ

ፈጣሪ አንድ ከተማ ሲያቋቁም መጀመሪያ ውሃ ይሰጠዋል፤ ቀጥሎ ገበያ ይሰጠዋል፤ በመጨረሻ፣ ሕዝቡ እንዳይጠግብ ብሎ ሳይሆን አይቀርም፣ አንድ ሁሉን ዐዋቂ ይመድብለታል። ወልድያ አለ፣ ዋጃ አለ፣ ጎብዬ ደግሞ ሁለት አሉ ይባላል። ግንበኛ ግድግዳ ሲያቆም አጠገቡ ቆሞ "ተንጋደደብህ" የሚለው፣ ሹፌር ጎማ ሲቀይር ወገቡን ይዞ ብሎን የሚቆጥርለት፣ ቀብር ላይ ሳይቀር "ጉድጓዱ በግርጌ በኩል ትንሽ ይቀረዋል" የሚለው ሰው እሱ ነው። የቆቦው ዐዋቂ ክቡር አያ ደምሴ ይባላሉ። የዕውቀታቸው ዘርፍ ጠመንጃ ነው። ይህ ብቻ ቢሆን ባልከፋ፤ ቆቦ ላይ ስለ ጠመንጃ የማያወራ ወንድ ፈልጎ ማግኘት ይከብዳል። ክፋቱ አያ ደምሴ ይህን ሁሉ ዕውቀት የሚያፈሱት ሙህዲን ጌም ቤት ውስጥ መሆኑ ነው።

ሙህዲን በሁለት ሺህ ስድስት ከሳዑዲ ከተባረሩት አንዱ ነው። ሌላው ወርቅ ይዞ ሲመለስ እሱ የተመለሰው በአንድ ፕሌይስቴሽን፣ በአንድ ሠላሳ ሁለት ኢንች ቴሌቪዥንና አልታጠፍ ባለ ቀኝ ጉልበት ነበር። ከመናኸሪያው ወደ ከብት ገበያው በሚወስደው መንገድ ላይ አንዲት ክፍል ተከራየ፤ ሦስት አግዳሚ ወንበር ደረደረ፤ ከዚያም በሩ ላይ በቀይ ቀለም "ልክ እንደ እውነቱ!" ብሎ አጻፈ። ሊል የፈለገው የስዕሉን ጥራት ነበር። አያ ደምሴ ግን ጽሑፉን ቆመው ሁለት ጊዜ አነበቡት፤ ክላሻቸውን ከትከሻቸው አውርደው ጭናቸው ላይ አጋደሙና ለምርመራ እንደተላከ ሹም የፊተኛው ወንበር ላይ ተቀመጡ። ይኸው ከዚያን ቀን ወዲህ አልተነሡም ማለት ይቻላል።

የመጀመሪያው ጥያቄያቸው ስለ ሸክም ነበር። ቴሌቪዥኑ ውስጥ ያለው ጀግና አምስት ጠመንጃ ይዞ ይሮጣል። "ማነው የተሸከመለት?" አሉ። "አህያ አለው?"

"የለውም አያ ደምሴ፣ ጌም ነው" አለ ሙህዲን።

"እኔ አንዲቱን ይዤ ከዞብል ስወርድ ትከሻዬ ይላጥ ነበር። አምስት! ውሃውንስ የት አደረገው?"

ጀግናው ተመታና ከግንብ ኋላ ተከለለ። ትንሽ ተንፈስ እንዳለ ደሙ ከስክሪኑ ላይ ጠፋ፤ ድኖ ተነሣ። አያ ደምሴ አማተቡ። "ምን ቀብተውት ነው? ንገሩኝና እኔም ልቀባ። ጭኔ ውስጥ የቀረች ፍንጣሪ አለች፤ ክረምት በገባ ቁጥር እንደ ዕዳ ሰብሳቢ ትመጣለች።"

ቀጥሎ የጥይት ቆጠራ መጣ። ልጆቹ ሲጫወቱ እሳቸው ከኋላ ሆነው ድምፃቸውን ከፍ አድርገው ይቆጥራሉ፤ "ሃያ ስምንት፣ ሃያ ዘጠኝ፣ ሠላሳ! አለቀብህ! ቁም! አለቀብህ እኮ ነው የምልህ!" ተጫዋቹ ግን መተኮሱን ይቀጥላል። "ካዝና ሠላሳ ነው የሚይዘው" ይሉታል በሐዘን። "ጣትህን ካላነሣህ እስከ ሦስት ሳትቆጥር ባዶ ነው። ግማሹን ተኩሰህ ካዝና ስትቀይር ደግሞ የተረፈችው ጥይት ወዴት ሄደች? ማን ለቀማት? ውሸት አይጠቅምም ልጆቼ፤ ውሸት ሰው ያስገድላል።" ልጆቹ ይሥቃሉ። ሙህዲን አይሥቅም፤ ከሚሥቁት ውስጥ ግማሾቹ በሣምንቱ ወደ ሌላ ጌም ቤት እንደሚሄዱ ያውቃል።

በድምፅ ጉዳይ የደረሰውንማ ከተማው ሁሉ ያውቀዋል። አያ ደምሴ የጌሙ ተኩስ ጆሮ አያሳምምም ብለው አንድ ወር ከተከራከሩ በኋላ አንድ ቀን ማንንም ሳያስፈቅዱ በሩ ላይ ወጡና ወደ ሰማይ አንዲት ጥይት ለቀቁ። ወንበሩ ላይ የነበረው ሁሉ መሬት ላይ ተነጠፈ፤ ከመንገዱ ማዶ የነበረች ፍየል ገመዷን በጥሳ ሄደች። አያ ደምሴ ተመልሰው ገቡና አንዱን ልጅ "አሁን ምን ይሰማሃል?" አሉት።

"ምን?" አለ ልጁ ጆሮውን ይዞ።

"አዎ፣ እሱ ነው! ይኼን ነው ጌማችሁ የማይነግራችሁ።"

ፖሊስ መጥቶ ምን እንደተፈጠረ ሲጠይቃቸው "የትምህርት መርጃ ነው" ብለው መለሱ፤ ሁለተኛ እንዳይለመዳቸው ፈርመው ተለቀቁ። ሙህዲን ግን ያን ዕለት ቤቱን ዘግቶ የማይታጠፈውን ጉልበቱን ዘርግቶ ተቀመጠና ያለቅስ አይሉት ይሥቅ ለራሱም አልታወቀው። ሽማግሌውን እንዳያባርር የሟች አባቱ ወዳጅ ናቸው። እንዳይታገሣቸው ሥራው እየሞተ ነው። "ያ ረቢ፣ ወይ አፋቸውን ያዝልኝ ወይ ጆሮዬን ውሰድልኝ" እያለ መጸለይ የጀመረው ያኔ ነው።

አንዴ ራሳቸው ይጫወቱ ተባለና ሙህዲን ጆይስቲኩን ሰጣቸው። ሰውዬአቸውን ከአንድ ድንጋይ ሥር አስተኝተው አርባ ደቂቃ ሙሉ አንድም ጊዜ አላንቀሳቀሱትም። ውጭ ወረፋ የያዙት አንድ በአንድ ሄዱ።

"አያ ደምሴ፣ ጠላት እኮ እዚያ ማዶ አለ" አለ ሙህዲን ተስፋ ቆርጦ።

"ዐውቃለሁ። እሱም እኔ እዚህ መኖሬን ያውቃል። ሁለታችንም ልጆች አሉን፤ ምን አስቸኮለህ?"

የጌም ቤቱ ንጉሥ እንዳለው የሚባል የሃያ ዓመት ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው። ይመጣል፣ ይቀመጣል፣ የተኩሱን ጌም ይከፍታል፣ ይገድላል፣ ይሄዳል። አባቱ የሞተው ከሦስት ዓመት በፊት ነው። ከተራራው ጎርፍ በወረደ ቀን ውሃውን ማን አስቀድሞ ወደ ማሽላው ይጥለፍ በሚል ጠብ ተነሣ፤ በዶማ ተጀመረ፤ በጥይት አለቀ። ገዳዩ ወልድያ ታስሯል። ደም ግን በመንግሥት ፍርድ አይደርቅም ያሉት የእንዳለው አጎቶች ዓይናቸውን የጣሉት በገዳዩ ታናሽ ወንድም ላይ ነው። ያ ወንድም በዕለቱ ቦታው ላይ እንኳ አልነበረም፤ ሮቢት ላይ ከብት እየገዛ የሚሸጥ ሰው ነው። ሽማግሌዎች ነገሩን ይዘውታል ይባላል፤ ከያዙት ሦስት ዓመታቸው ነው። እስከዚያው ሠርግ ላይ ሴቶቹ የጎረምሳውን ሁሉ ስም እየጠሩ ሲዘፍኑ የእንዳለው ስም ላይ ሲደርሱ፣ የአባቱን ደም አልመለሰምና፣ ይዘሉታል። እሱም ምንም ሳይናገር ከዳሱ ይወጣና በማግሥቱ ጌም ቤት ይመጣል።

አንድ ቀን ሁለቱ አጎቶቹ ተከትለውት መጡ። ትልቁ አያ ይሁኔ ይባላሉ፤ ዱላቸውን አገጫቸው ሥር ተክለው ተቀመጡ። ሙህዲን አዲስ ደንበኛ የመጣ መሰለውና፣ አላህ ይቅር ይበለው፣ የነጋዴ አፉን ከፈተ። "አያ ይሁኔ፣ ልክ እንደ እውነቱ ነው! የክላሹ ድምፅ እንኳ ከእውነተኛው ነው የተቀዳው" አለ። እንዳለው ተጫወተ። በአሥር ደቂቃ ውስጥ አርባ አንድ ሰው ጣለ፤ አያ ይሁኔ በጣታቸው ይቆጥሩ ነበር።

"ያ በመጨረሻ የወደቀው፣ በስንት እርምጃ ነው?" አሉ።

"ሁለት መቶ ይሆናል አያ" አለ እንዳለው።

አጎቶቹ ተያዩ። ከጎብዬ እስከ አላማጣ ዒላማ የሚያውቁ፣ በሠርግ ተኩስ ያደጉ ሰዎች ናቸው፤ ጠመንጃ ሞልቷቸዋል። ያልነበራቸው የልጁ እጅ መድረሱን የሚያረጋግጥ ምስክር ነበር፤ ይኸው ቴሌቪዥኑ መሰከረላቸው። "ልጁ ደርሷል" አሉ አያ ይሁኔ።

አያ ደምሴ ብድግ አሉ። "ይሁኔ፣ ስማኝ። ይኼ ጨዋታ ነው። ይቺ የመስቀል ምልክት እውነተኛ ጠመንጃ ላይ የለችም። ማነጣጠሪያው ጭንቅ ውስጥ ላለ ዓይን ሁለት ሆኖ ነው የሚታየው። ደግሞ ልብህ በመታ ቁጥር አፈሙዙ አብሮ..."

"አንተ ደምሴ፣ ባለፈው ስለ በሬ ቀንበርም እንዲሁ አንድ ቀን ሙሉ ፈጅተኸኛል" አሉ አያ ይሁኔ እየተነሡ። "የቤት ክዳንም ታውቃለህ፣ የውሃ ሞተርም ታውቃለህ። እስቲ አሁን ተወን።"

ሰው ሁሉ ሣቀ። ሽማግሌው ሲለፈልፉ ከርመው፣ መደመጥ ያለባቸው ቀን ሲመጣ የሚሰማቸው አጡ። በሣምንቱ አያ ይሁኔ አንድ በሬ ሸጡና ለእንዳለው የራሱን ክላሽ ገዙለት። ሙህዲን ይህን በሰማ ዕለት ቢላዋ አንሥቶ የበሩን ጽሑፍ ፋቀ። ቀዩ ቀለም ግን እንጨቱ ውስጥ ሰርጎ ኖሮ ይነበብ ነበር። ያን ጌም ሰብሮ ጣለውና ለእንዳለው የኳስ ጌም ከፈተለት፤ እንዳለው "ይሁን" ብሎ ኳሱን ዝም ብሎ አየ። ልጁን በምን ቃል እንደሚያናግረው ሙህዲን አላወቀም። ከብረቱ ይበልጥ ያንን ዝምታ ፈራው።

የገበያ ቀን እኩለ ቀን ላይ እንዳለው በዚያ የፀሐይ ቃጠሎ ጋቢውን ደርቦ ገባ። ክላሹ ከጋቢው ሥር ነው። ከበሩ ፊት ለፊት ያለው ወንበር ላይ ተቀመጠ፤ ጆይስቲክ አላነሣም። ከዚያ ወንበር ላይ ሆኖ ከከብት ገበያ የሚወጣ ሰው ሁሉ ይታያል። ሙህዲን ወዲያው ገባው፤ የሮቢቱ ሰው ዛሬ ከብት ሊሸጥ መጥቷል። ስልኩን አውጥቶ ለሚያውቀው ፖሊስ ደወለ፤ አንዲት የተረጋጋች ሴት የደወሉላቸው ደንበኛ አሁን ሊያገኟቸው እንደማይችሉ ነገረችው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግማ ነገረችው። ማዕዘኑ ላይ አያ ይሁኔ ጥላ ሥር ቆመዋል።

በቤቱ ውስጥ የቀሩት ሙህዲን፣ እንዳለውና አያ ደምሴ ነበሩ። አያ ደምሴ የልጁን ጋቢ አዩ፣ የልጁን ፊት አዩ፤ ከዚያ ከጋቢው ሥር ብቅ ያለውን አፈሙዝ አዩና ፊታቸው ተለወጠ።

"በስመ አብ! ይኼን ማን ሸጠልህ? ምን ዓይነት ዝገት ነው! አምጣው።"

"አያ ደምሴ፣ ዛሬ ይተውኝ..."

"አምጣው ነው የምልህ! ቆሽሾ የከረመ ብረት ሰው ላይ ሳይሆን የያዘው ፊት ላይ ነው የሚፈነዳ።"

ልጁ በልማድ ታዘዘ። በዚያ አገር ትልቅ ሰው "አምጣ" ሲል እጅ ከሐሳብ ይቀድማል። አያ ደምሴ ካዝናውን ነቀሉ፤ ውስጡን አዩ፤ ከትከሻቸው ፎጣቸውን አውርደው ወንበሩ ላይ ዘረጉና ጠመንጃውን ይፈቱት ገቡ። ክዳኑን አነሡ፣ ሞላውን አወጡ፣ የውስጡን ብረት ሳቡ። እያንዳንዷን ወደ ብርሃን ከፍ እያደረጉ ታሪኳን ይተርኩ ጀመር። "ሙሄ፣ ነጭ ጋዝና ጨርቅ አምጣ!" ሙህዲን ለነጭ ጋዙ በጣም ሩቁን ሱቅ መረጠ፤ ሲሄድም ሲመለስም አነከሰ።

"ይግጠሙልኝ አያ፣ ጉዳይ አለኝ" ይላል እንዳለው።

"ጉዳይ የሌለው ማን አለ? ይቺን ሞላ ታያታለህ? ስትደክም ሁለተኛዋ ጥይት ትነክስና አልወጣም ትላለች፤ ትቆማለህ። ጌም ውስጥ ነክሶ ያውቃል? አያውቅም። ገበያ መካከል ሲነክስ ምን ታደርጋለህ? ዙሪያህን ሰው ያይሃል። አሁን አንደኛዋ ወጣች እንበል። አፈሙዙ ወደ ላይና ወደ ቀኝ ይዘላል። ጌሙ ውስጥ ከሰውዬው ኋላ ያለው ግድግዳ ነው። እዚህ ከሰውዬው ኋላ ቲማቲም የምትሸጥ ሴት አለች፤ ከእሷ ኋላ ደግሞ ሌላ አለች..."

አንድ ሰዓት አለፈ፤ ሁለት ሰዓት አለፈ። ስለ ላብ ተናገሩ፤ ጣት ላይ ላብ ሲኖር ቃታ ምን እንደሚሆን። ስለ ሽታው ተናገሩ። ስለ ጉልበት መራድ፣ ሱሪ ስለ መርጠብ፣ ይህንንም ማንም ፎካሪ በፉከራው እንደማያነሣው ተናገሩ። ሙህዲን ሽማግሌው አውቀው ያደረጉት ይሁን ወይስ አመላቸው ሆኖ ብቻ፣ ሊለየው አልቻለም። ዛሬም አልለየውም። የሚያውቀው ብረቱ ተበታትኖ እስካለ ድረስ የሮቢቱ ሰው በሕይወት እንደሚኖር ነው። በየደቂቃው አምላኩን "አሁን እንዳይጨርሱ" እያለ ይለምን ነበር።

ጨረሱ። ዐዋቂ ናቸውና የፈቱትን ሳይገጥሙ መተው አይሆንላቸውም፤ ጠርገው፣ ቀብተው፣ ገጥመው፣ ካዝናውን አስገብተው ለባለቤቱ ሰጡት። ድምፃቸው ሻክሯል። አፋቸውን ከፈቱ፤ የሚጨምሩት አጡና ዘጉት። ያ ቤት ከተከፈተ ጀምሮ እንዲያ ጸጥ ብሎ አያውቅም። በዚያው ቅጽበት የሮቢቱ ሰው ከከብት ገበያው ወጣ፤ ላሙን ሸጦ ገመዷን ትከሻው ላይ ጠምጥሟል፤ ሽንኮራ እየጋጠ ወደ መናኸሪያው ይመጣል። እንዳለው ማንገቻውን ያዘና ተነሣ።

"አያ ደምሴ" አለ ሙህዲን። "እርስዎ የገደሉት ሰው... ምን ዓይነት ሰው ነበር?"

ጥያቄ ሳያልቅ መልስ የሚሰጡት ሰው ፎጣቸውን አነሡ። እንዳለው በሩ ላይ ቆመ።

"አላውቅም" አሉ አያ ደምሴ።

እጃቸውን በፎጣው ጠረጉ። ጋዙ ግን አልለቀቀም። "በጦርነቱ ጊዜ አሥራ አንድ ሆነን ሸንተረር ላይ ነበርን። አንድ ሰው ጀሪካን ይዞ ወደ ወንዙ ወረደ። ሁላችንም ተኮስን፤ ወደቀ። ሌሎቹ የእኔ ናት የእኔ ናት ብለው ተጣሉ። እኔ ወርጄ አየሁት። የሸሚዙ አንድ ቁልፍ በሌላ ቀለም ክር ተሰፍታለች። ማን እንደሰፋለት አላውቅም። እናቱ ትሁን፣ ሚስቱ ትሁን፣ ራሱ ይሁን አላውቅም። የመታችው ጥይት የእኔ ትሁን የሌላ፣ እሷንም አላውቅም። ሃያ ሰባት ዓመት ሆነኝ። ስለ ጠመንጃ ስንት ነገር ዐውቃለሁ፤ ያንን ግን የሚነግረኝ አላገኘሁም።"

ውጭ የአውቶቡሱ ረዳት "ሮቢት! ጎብዬ! ወልድያ!" እያለ ይጣራል። የሮቢቱ ሰው ሽንኮራውን ጥሎ አውቶቡሱ ላይ ወጣ። እንዳለው አልተቀመጠም፤ አልሄደምም። አውቶቡሱ ጥሩንባውን ነፍቶ እስኪንቀሳቀስ፣ ድምፁም እስኪጠፋ ድረስ እዚያው በሩ ላይ ቆመ።

"ምን ዓይነት ቀለም ነው ክሩ?" አለ በመጨረሻ።

"ቀይ" አሉ አያ ደምሴ።

ልጁ ጋቢውን አስተካከለና አያ ይሁኔ ከቆሙበት በተቃራኒው አቅጣጫ ሄደ። ሙህዲን ጀርባውን እያየ ሣምንቱን አሰበ፤ ገበያ በሣምንቱ ተመልሶ ይመጣል፣ ሰውዬውም ከብቱን ይዞ ይመጣል፣ ሠርግም ላይ ይዘፈናል። የዳነ ሰው የለም፤ አንድ ቀን ብቻ ነው ያለፈው። ይህን ሲያስብ ወንበሩ ላይ የተቆራመዱትን ሽማግሌ አያቸው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ አፋቸው እንዲያዝ የጸለየባቸውን ሰው፤ እንደ አባቱ አሳዘኑት፣ እንደ አባቱም ወደዳቸው። ውሃ ቀድቶ ሰጣቸው።

"አያ ደምሴ፣ ለሚቀጥለው ገበያ በጠዋት ይምጡ።"

"ምን ቀረኝ ብለህ ነው?" አሉ በተዘጋ ድምፅ። "የማውቀውን ጨረስኩ እኮ። የማላውቀውንም ነገርኳችሁ።"

"ግድ የለም" አለ ሙህዲን። "ከመጀመሪያው ይጀምሩልን።"